ጋሽ ጥላዬ የተግደረደሩ ዕለት

ፍራንክፈርት ውስጥ የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ ጋሽ ጥላዬን «አሜሪካኑ» ይላቸው ነበር። አሜሪካን ረግጠው አያውቁም። ከአውሮፓ የወጡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም እናታቸውን ለመቅበር ደሴ ድረስ። ሆኖም ዲቪ የደረሰው፣ ዋሽንግተን ወንድም ያለው፣ ልጁን ወደዚያ ለመላክ የሚያስብ ሁሉ መጀመሪያ የሚላከው ወደ እርሳቸው ነበር። ሰውየው ስለ ቤት ኪራይና ስለ መንጃ ፈቃድ ሊጠይቅ ኒድ፣ ቤታቸው ድረስ ይሄዳል። ጋሽ ጥላዬ ሻይ ያቀርባሉ፣ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውላሉ፣ ከዚያም ስለ አሜሪካ ማኅበራት ይነግሩታል።

«አየህ፣ እዚያ አገር ትንንሾቹ ከተሞች ውስጥ እሳት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚያጠፋው የመንግሥት ሠራተኛ አይደለም፤ የሰፈሩ ሰው ተደራጅቶ ነው። ሆስፒታል የሚያቆም ማኅበር አለ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድር አለ። ወፍ የሚቆጥር ማኅበር አለ፤ ያ ወፍ ቆጣሪ ተነሥቶ ግድብ ያስቆማል።»

«ቤት ኪራይስ ጋሽ ጥላዬ?»

«እሱን እንጃ።»

ነገሩ ሥር ነበረው። ጋሽ ጥላዬ በእኛ አቆጣጠር በስድሳዎቹ መጨረሻ፣ ገና ጸጉራቸው ጎፈሬ ሳለ፣ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፍ ጀምረው ነበር። ርዕሱን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! «ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች በአሜሪካ ፖለቲካና ማኅበራዊ ኑሮ ያላቸው ሚና»። የሚከታተሏቸው ፕሮፌሰር ጡረታ ወጡ። ተተኪው «ርዕሱን አጥብበው» አሏቸው፤ አጠበቡት። ከዚያ የመጡት ደግሞ «ጠቧልና አስፋው» አሏቸው። ሲያሰፉ ልጅ ተወለደ፤ ለልጁ ሲባል ፌኸንሃይም ከሚገኝ የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ሥራ ገቡ፤ እስከ ጡረታ ከዚያ አልወጡም።

ጽሑፉን ግን አልተዉትም። ቤታቸው በከተማው ምዕራብ ጫፍ ኒድ፣ ሥራቸው በምሥራቅ ጫፍ ፌኸንሃይም ነበርና አስራ አንድ ቁጥር ትራም ላይ ወጥተው፣ ከተማዋን እንደ ክር ከዳር እስከ ዳር ሲያቋርጡ ያነባሉ። በኋላ በኋላ ቲኬት ተቆጣጣሪዎቹ ሳይቀሩ ያውቋቸው ነበር። አንዱማ ቲኬታቸውን ትቶ «ዛሬስ ምዕራፍ ስንት ደረስን?» ይላቸው ነበር ይባላል።

ለምን አሜሪካን እንደመረጡ አንድ ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ።

«ማኅበር ሳይፈርስ ሲኖር ማየት ፈልጌ ነው» አሉኝ።

የእርሳቸውን ዘመን ለማያውቅ ይህ መልስ አይሆንም። በዚያን ጊዜ በውጭ አገር በነበሩት የኢትዮጵያ ተማሪዎች ዘንድ ማኅበር ማለት ለሁለት እስኪከፈል ድረስ የሚቆይ ነገር ነበር። የተማሪው ማኅበር የዚህ ከተማ ቅርንጫፍም ተከፍሎ፣ ሁለቱ ግማሾች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሕንጻ፣ አንዱ ላይ አንዱ ታች ስብሰባ እንደጠሩ፣ የላዮቹ እግራቸውን ወለሉ ላይ ሲደበድቡ የታቾቹ ጣሪያውን በመጥረጊያ ዘንግ ይመቱ እንደነበር ጋሽ ጥላዬ እየሳቁ ያወራሉ። የታቾቹ ሊቀ መንበር አብሯቸው ይኖር የነበረው ጓደኛቸው ገሰሰ ነበር። እዚህ ላይ ሲደርሱ ሳቁ ይቆምና ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ።

የእኛ ማኅበር የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ቦርንሃይም ውስጥ፣ ከከተማው በምንከራየው አዳራሽ የምንሰበሰብ የመረዳጃ ማኅበር ነን። ጀርመኖች ፌራይን የሚሉት ዓይነት፣ በፍርድ ቤት የተመዘገበ፣ መተዳደሪያ ደንብ ያለው። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ የድሮ ተማሪውም ትናንት የመጣውም አለበት። ሬሳ ወደ አገር ቤት እንልካለን፣ ለልጆች የአማርኛ ትምህርት እንሰጣለን፣ በዓመት አንድ ጊዜ ማይን ወንዝ ዳር ሥጋ እንጠብሳለን። ጋሽ ጥላዬ ከመሥራቾቹ አንዱ ናቸው። ደንቡን ያረቀቁት እርሳቸው፣ የሚጣላውን የሚያስታርቁት እርሳቸው። በሥራ አመራሩ ውስጥ ግን አንድ ቀን እንኳ ተመርጠው አያውቁም።

እናም አንድ ምኞት ነበራቸው። ለእኔ በምስጢር ነገሩኝ፤ ለባለ ሱቋ ለሁስኒያም በምስጢር ነገሯት፤ ስለዚህ ሁሉም ያውቅ ነበር። ሊቀ መንበር ሆነው አንድ ነገር ብቻ መሥራት ይፈልጋሉ፤ የተወዳዳሪዎች መድረክ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 2010 ነበር፤ በዚያ ዓመት ኅዳር የከተማው የውጭ ዜጎች ምክር ቤት ምርጫ ይደረጋል። ጋሽ ጥላዬ ተወዳዳሪዎቹን ሁሉ አዳራሻችን ውስጥ በአንድ ረድፍ አስቀምጠው፣ ለሁሉም እኩል ደቂቃ ሰጥተው፣ የእኛን ሰው ጥያቄ ሊያስጠይቁ ያልማሉ።

«አሜሪካ ውስጥ» ይላሉ፣ «እንደኛ ያለ ማኅበር ‹እገሌን ምረጡ› ማለት ክልክል ነው። አለ ማለት ከግብር ነጻ መሆኑ ቀረበት። ግን በሩን ከፍቶ ሁሉንም እኩል መጋበዝ ይችላል። አሮጊቷን በመኪና ምርጫ ጣቢያ ማድረስ ይችላል። ጉልበቱ ይሄ ነው። በእርግጥ ማስተማር ነው በሚል ስም ሌላ ሌላውን የሚሠሩም ሞልተዋል፤ ሀብታሙ በራሱ አፍ ማለት ያፈረውን በማኅበር አፍ ያስብለዋል። እሱ ምዕራፍ አምስት ነው።»

ሁስኒያ በርገር ሽትራሰ ከሚባለው መንገድ ገባ ብላ የቅመማ ቅመም ሱቅ አላት። በርበሬውም ወሬውም ትኩሱ እሷ ዘንድ ነው። የማኅበራችን ምርጫ ሊደረግ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጋሽ ጥላዬ እዚያ ቁጭ ብለው ነበር፤ እኔም ሽሮ ልገዛ ገብቼ ቆሜ ቀረሁ። የቀድሞው ሊቀ መንበራችን እንዳሻው ልጁ ዘንድ ሽቱትጋርት ሊገባ ስለሆነ ቦታው ክፍት ነው።

«እኔ እጠቁምዎታለሁ» አለች ሁስኒያ ኮረሪማ እየመዘነች። «ሰዉንም አነጋግሬያለሁ። እጅ የማያወጣ ካለ ከነገ ጀምሮ በርበሬ የለውም።»

«ስትጠቁሚኝ ግን ብዙ አታሞግሺኝ።»

«አላሞግስዎትም። ግን እንደው ጋሽ ጥላዬ፣ የእርስዎ አሜሪካኖች እንዴት ነው የሚያደርጉት?»

«እነሱማ ራሳቸው ተነሥተው ‹ከሁሉ የምሻል እኔ ነኝ› ይላሉ።»

«ታዲያ እርስዎስ ለምን እንደዚያ አይሉም?»

«እኔ አሜሪካዊ ነኝ እንዴ?»

«ሰዉ ሁሉ አሜሪካኑ ነው የሚልዎት።»

ጋሽ ጥላዬ ሳቁ፤ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። ሁስኒያ ሻይ ቀዳችላቸው። «አይ፣ ይቅርብኝ» አሉ። «ይጠጡ እንጂ» አለች። «አሁን ከቤት ጠጥቼ ነው የመጣሁት።» «በሞቴ።» «እንግዲህ ካልሽ» ብለው ተቀበሏት። ይህን የማነሣው ያኔ ያስተዋልኩት ሆኖ አይደለም። ማንኛችንም አላስተዋልነውም፤ አየሩን ሲተነፍስ የሚያስተውል የለም።

እንዳሻው አስር ዓመት ሊቀ መንበር ሲሆን በየምርጫው እንዴት እንደሚመረጥ መናገር አለብኝ። ይጠቆማል፤ እጅ ይወጣለታል፤ ይነሣና «በቃኝ፣ ደክሞኛል፣ ከእኔ የተሻለ ፈልጉ» ይላል። ከዚያ አቶ ኃይለ መስቀል ይነሣሉ። አቶ ኃይለ መስቀል ሰማንያ የተጠጉ፣ ድሮ መሐንዲስ የነበሩ፣ በማኅበራችን ውስጥ ሥልጣን የሌላቸው ግን ቋሚ ሥራ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ሥራቸው መለመን ነው። «ልጄ እንዳሻው፣ እኛን ለማን ጥለህ?» ብለው ይጀምራሉ። ሌላው ይከተላል። ሴቶቹ «ኧረ በእመቤታችን»፣ «ኧረ በአላህ» ይላሉ። እንዳሻው አንገቱን ደፍቶ ይቆያል፣ ይተነፍሳል፣ «እንግዲህ ለእናንተ ስል» ይላል፤ ይጨበጨባል። አንድ ዓመት እንዳሻው መግደርደሩን ትንሽ አስረዝሞት የአዳራሹ ጠባቂ መብራት አጠፋብን፤ ቀሪውን በጨለማ ለመንነው።

የዚያን ዓመት ግን ምርጫውን የምትመራው መርዋ ነበረች፤ የሁስኒያ ልጅ። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ የሃያ ሰባት ዓመት ሴት፣ ውልና ሰነድ አረጋጋጭ ቢሮ የምትሠራ። ባለፈው ጊዜ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ክፍል ቃለ ጉባኤያችንን መልሶት ነበር። እንዳሻው የጻፈው «እምቢ ብል አስገደዱኝ» የሚል ስለነበር፣ ሹሙ የተመረጠው ሰው በፈቃዱ መሆኑን ማወቅ ፈለጉ። መርዋ «ዘንድሮ በሥርዓት ይሁን፣ እኔ እመራዋለሁ» አለች፤ ሁላችንም ተደሰትን።

የካቲት ነበር፤ ውጭ የቀለጠ በረዶ። ጋሽ ጥላዬ ለሠርግ የሚለብሱትን ጥቁር ሰማያዊ ኮት ለብሰው መጡ። አጠገቤ ተቀመጡ።

ሁስኒያ ጠቆመቻቸው፤ ቃሏን ጠብቃ ብዙም አላሞገሰቻቸውም፤ «ያለ እሳቸው ይህ ማኅበር ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነበር» ብቻ አለች። ደንቡ ሁለተኛ ተጠቋሚ ስለሚጠይቅ ተወልደም ተጠቆመ። ተወልደ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ኤርትራዊ ቢሆንም ከአዲስ አበባ ጀምሮ ከእኛ ያልተለየ። እንደማያሸንፍ በሁስኒያ በኩል ተረጋግጦለት ነው የተስማማው። በማግስቱ ማለዳ ፈረቃ ስላለው ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነበር።

እጅ ወጣ። ከተወልደ ራሱና ከባለቤቱ ከሀረገወይን በቀር አዳራሹ በሙሉ ለጋሽ ጥላዬ አወጣ። ተወልደም ቆይቶ ባለቤቱን አየት አድርጎ ለጋሽ ጥላዬ ጨመረ።

«ጋሽ ጥላዬ ተመርጠዋል» አለች መርዋ። «ምርጫውን ይቀበላሉ?»

ጋሽ ጥላዬ ተነሡ። ኮታቸውን ቆለፉ።

«ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ» አሉ። «ይህን ያህል ስላከበራችሁኝ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ነገር ግን እኔ ማን ነኝ? አርጅቻለሁ። ለዚህ የምበቃ ሰው አይደለሁም። ወጣቶች አሉ፣ የተማሩ አሉ። እኔን ተዉኝና ከእኔ የሚሻል ምረጡ።»

ተቀመጡ። አንገታቸውን ደፉ። ማማሩ! ድምፃቸው እንኳ ትክክለኛው ቦታ ላይ ሰበር ብሎ ነበር። አዳራሹ በእርካታ ተነፈሰ። አቶ ኃይለ መስቀል ወደ ከዘራቸው እጃቸውን ሰደዱ።

«እሺ» አለች መርዋ፤ ጻፈች። «አልተቀበሉም። የቀሩት ተጠቋሚ አቶ ተወልደ ናቸው። ለአቶ ተወልደ እጅ የሚያወጣ?»

አሁን ሳስበው ጥፋቱ የጉልበት ነው። የአቶ ኃይለ መስቀል ግራ ጉልበት ከሁለት ዓመት በፊት ተቀዶ ነበርና ለመነሣት ጊዜ ይፈልጋሉ። መጀመሪያ ከዘራው ይቆማል፣ ከዚያ ወገባቸው፣ ከዚያ እርሳቸው። ከወገባቸው ላይ ሳሉ ነበር መርዋ እጅ ያስወጣችው። ያወጡት ሰዎች ግማሾቹ ጋሽ ጥላዬ እንዲለመኑ የተጠየቁ መስሏቸው እንደነበር በኋላ ማሉልኝ። ብቻ እጁ በቃ።

«አቶ ተወልደ፣ ይቀበላሉ?»

ተወልደ ሰዓቱን አየ። በመሥሪያ ቤቱ የሠራተኞች ስብሰባ ላይ ባጭሩ የመለሰ ሰው ቶሎ ቤቱ እንደሚገባ ተምሯል።

«እቀበላለሁ» አለ።

በዚህን ጊዜ አቶ ኃይለ መስቀል ሙሉ በሙሉ ቆሙ። «ልጄ ጥላዬ» ብለው ጀመሩ፣ «እኛን ለማን ጥለህ—»

«አባባ፣ አልቋል» አለች መርዋ።

ፎቅ ላይ የሚለማመዱ የጀርመን መዘምራን ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ጋሽ ጥላዬ አንገታቸውን እንደደፉ ናቸው፤ ገና እየተጠባበቁ ነበር። ቀና ሲሉ ተወልደ ከፊት ተቀምጦ አዩት።

ሁስኒያ ልጇን በር ላይ ያዘቻት። «ምን አድርገሻል አንቺ?»

«ጠየቅኳቸው፣ አልፈልግም አሉ። በደንብ አስረድተው እኮ ነው የተናገሩት።»

«ሰው ቤት ሄደሽ ሻይ ሲቀርብልሽ ምንድን ነው የምትዪው?»

«ያ፣ ጌርነ። ‹አዎ፣ በደስታ› ብዬ እጠጣለሁ።»

«ወዲያው?»

«ሻዩ ይቀዘቅዛል እኮ እማ።»

«አሳዳጊ የበደለሽ።»

«አሳዳጊዬ አንቺ ነሽ።»

ተወልደን ቦታውን እንዲለቅ ልንለምነው ሄድን። ምስኪን፣ በደስታ ይለቅ ነበር። ሀረገወይን ግን አዳራሹ በር ላይ ቆማ ስቶክሆልም ላለች እኅቷ ደውላ «ባለቤቴ ሊቀ መንበር ሆነ» ብላለች። እኅቲቱም እየጮኸች እንኳን ደስ ያላችሁ እያለች በስልኩ ይሰማል። «አሁን ብለቅ ማን ቤት ነው የማድረው?» አለን ተወልደ።

ጋሽ ጥላዬን ወደ ቤታቸው ሸኘኋቸው። አስራ አንድ ቁጥር ትራም ውስጥ ጋሉስ ዋርተ የሚባለውን ፌርማታ እስክናልፍ ድረስ በመስኮቱ ውጭውን ያዩ ነበር።

«ሠላሳ ዓመት ያጠናሁት ምን መሰለህ?» አሉ በመጨረሻ። «ሰው ተነሥቶ ‹እኔ አለሁ› ሲል ነው ማኅበር የሚቆመው። ምዕራፍ ሁለት። በራሴ እጅ የጻፍኩት።» ከዚያ ደግሞ፣ «ገሰሰ ግን ወዲያው ነበር እሺ ያለው። ‹አንተ ምራን› አልነው፣ ‹እሺ› አለ። ‹አገር ቤት ግባና ሁኔታውን እይ› ተባለ፣ ‹እሺ› አለ። ሻንጣውን እኔ ነኝ ያሰርኩለት፤ አልተመለሰም። እሺ ማለት እኮ ያስፈራል» አሉ።

ኒድ ወርደው፣ ኮታቸው እንደተቆለፈ፣ ወደ ኒዳ ወንዝ በሚወስደው መንገድ ሲሄዱ ከኋላ አየኋቸው። አባቴን አስታወሱኝ። የመጨረሻውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ ትተው የሚነሡት ዓይነት ሰዎች እያለቁ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ተለወጡ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁስኒያ ሱቅ ገቡ፤ «ሻይ ልቅዳልዎት?» ስትል ገና ቴርሞሱን ሳታነሣ «አዎ» አሉ። ሁስኒያ ደነገጠች። «አመመዎት እንዴ?» አለቻቸው። ሳምቡሳ አቀረበች፤ ወሰዱ። ሁለተኛ ስትል ሁለተኛ ወሰዱ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ከፋሲካ እስከ ክረምት ቀበቷቸውን አንድ ቀዳዳ አሰፉ። ሰዉ ቤት ሲጠራቸው ይመጣሉ፤ አልጋ አለ ካሏቸውም ያድራሉ። አንዱ ለይሉኝታ ያህል «ይህ ጃኬት ለእርስዎ ነበር የሚያምረው» ቢላቸው ለብሰውት ሄዱ።

መስከረም ሲያልቅ ተወልደ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ሱቁ መጣ። ጋሽ ጥላዬም እኔም ነበርን።

«ለውጭ ዜጎች ምክር ቤት የሚወዳደሩት ደውለውልኛል» አለ። «አዳራሽ ስጡን፣ ሰውም ጥሩልን ይላሉ። ፖለቲካ ውስጥ አንገባም ልላቸው ነው።»

ጋሽ ጥላዬ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ማን ነው የደወለው? አንዱ ብቻ ነው?»

«አራት ናቸው። እርስ በርሳቸው አይዋደዱም።»

«እንግዲያው ለአራቱም ነው የምትሰጠው። ለአንዱ ከሰጠህ ወገንክ። ለማንም ካልሰጠህ ደግሞ የእኛን ሰው ማንም አይጠይቀውም፣ እሱም ማንንም አይጠይቅም። ለሁሉም በሩን ከከፈትክ ግን ፖለቲካ ውስጥ አልገባህም፤ ፖለቲካው ነው ወደ አንተ የመጣው፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ።»

ተወልደ አገጩን አከከ። «ሓቅዎ ነው። እኔ ግን ይህን ማለት አልችልም። መድረኩን እርስዎ ቢይዙልኝና እኔ ወንበር—»

«እቀበላለሁ» አሉ ጋሽ ጥላዬ።

ሁስኒያ ሚዛኑ ላይ የያዘችው ከረጢት ከእጇ አመለጣት። ሱቁ በርበሬ በርበሬ ሸተተ፤ አራታችንም አስነጠስን። በዚያ ምክንያት የማን ዓይን ለምን እንደረጠበ አልታወቀም።

መድረኩ የተደረገው በእሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። አዳራሹ ሞልቷል፤ የሁስኒያ ሳምቡሳ አለና። ጋሽ ጥላዬ ያንኑ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ለብሰው፣ ከፊታቸው ትንሽ ደወል አስቀምጠው፣ በጀርመንኛም በአማርኛም ደንቡን አስረዱ። ለሁሉም እኩል ደቂቃ። ማጨብጨብ ክልክል። «ይህ ማኅበር ለማንም አይወግንም» አሉ፤ ቃሉን ለማለት ሠላሳ ምናምን ዓመት የጠበቁ ሰው ናቸውና ደጋግመው አሉት።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን እርስዎን እንምረጥ?» ነበር። ከአራቱ ተወዳዳሪዎች የመጀመሪያው፣ ጠበቃው፣ ተነሥተው ለምን እርሳቸው እንደሆኑ ነገሩን። ሁለተኛዋ፣ ባለ ምግብ ቤቷ፣ ለምን ጠበቃው እንዳልሆኑ ነገሩን። ሦስተኛው ወጣት ሁለቱንም ዘለፈ። አራተኛው ሽማግሌ አፍጋኒስታናዊ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ተነሡ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«እኔ ብዙ አላውቅም» አሉ ቀስ ባለ ጀርመንኛ። «ጎረቤቶቼ ናቸው ሂድ ያሉኝ። እነዚህ ሦስቱ ከእኔ ይሻላሉ።» ተቀመጡ። አንገታቸውን ደፉ።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። አቶ ኃይለ መስቀል ከየካቲቱ ወዲህ ልምድ አግኝተው ዳር ላይ፣ ከዘራቸውን ቀድመው አቁመው ነበር የተቀመጡት። እንደ ጎረምሳ ብድግ አሉ። «ጌታዬ፣ እኛን ለማን ጥለው—» ሴቶቹ «ኧረ በአላህ» ማለት ጀምረዋል። ሁስኒያ ደረቷን ይዛለች።

ጋሽ ጥላዬ ደወሉን መቱ።

«አይለመንም» አሉ። «አንዱን ብቻ ከለመንን ወገንን።»

የጻፉት ሁሉ፣ በትራም ያነበቡት ሁሉ «ትክክል ነህ» ይላቸዋል። አፍጋኒስታናዊው ግን አንገታቸውን እንደደፉ ናቸው። ጋሽ ጥላዬ ያንን አንገት ያውቁታል። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወለወሉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ስለዚህ» አሉ፣ «ለእኩልነት ሲባል አራቱም ድጋሚ ይጠየቃሉ።»

ጠበቃው ተደስተው ሁሉንም እንደገና ነገሩን፤ ትንሽም ጨመሩበት። ባለ ምግብ ቤቷም፣ ወጣቱም እንዲሁ። ልብስ ሰፊው «ኧረ እኔ አልሆንም» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ላላ ብሏል። ጋሽ ጥላዬ ሁላችንንም አዩን። «ለሦስተኛ ጊዜ» አሉ። ጠበቃው አሁን ላብ አጥምቋቸው ነበር፤ ስለራሱ ሦስት ጊዜ ያለማቋረጥ መልካም መናገር ለካ ያደክማል። ወጣቱ «ያልኩትን ብያለሁ» አለ። ልብስ ሰፊው ግን ተነሥተው፣ ኮታቸውን አስተካክለው፣ «እንግዲህ ይህን ያህል ከጠየቃችሁኝ እሞክራለሁ» አሉ። ከዚያም ለመኖሪያ ፈቃድ ቴርሚን፣ ማለትም ለቀጠሮ፣ ሰው በሌሊት እንደሚሰለፍ፣ እዚያም ወንበር እንዲቀመጥ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ያ ብቻ ነበር ያሉት። ማጨብጨብ ክልክል ስለነበር ሁላችንም ጉሮሯችንን ጠረግን።

ማን ማንን እንደመረጠ አላውቅም። ማኅበራችን አይጠይቅም፤ ይህ የጋሽ ጥላዬ ደንብ ነው።

ያን ዕለት ከፊት ወንበር ተቀምጣ ሁሉን ስታይ የነበረችው መርዋ ናት። ተወልደ ሁለት ዓመቱን ጨርሶ፣ በ2012 የካቲት እንደገና ስንሰበሰብ የደንብ ማሻሻያ ይዛ መጣች። አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «የተመረጠው አባል ምርጫውን ይቀበል እንደሆነ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል።» የመዝገብ ክፍሉ ሹም ደውለው ለምን እንደሆነ ጠይቀዋት ነበር። «ሻዩ እንዳይቀዘቅዝ» አለቻቸው እንዴ? አላውቅም። ብቻ ተመዘገበ።

ጋሽ ጥላዬ ተጠቆሙ። እጅ ወጣ፤ ሀረገወይን ሳትቀር።

«ጋሽ ጥላዬ፣ ይቀበላሉ?» አለች መርዋ።

«እቀበላለሁ» አሉ።

አዳራሹ ውስጥ ቅሬታ እንደ ነፋስ አለፈ። «ምነው ቸኮሉ?» አለ አንዱ ከኋላዬ። ሁስኒያ ዞራ «ትንሽ እንኳ አይሉም?» አለችኝ። መርዋም ግራ ገብቷት ደንቡን ተመለከተች።

«ገና ሁለት ጊዜ እጠይቅዎታለሁ» አለች።

«ጠይቂኝ ልጄ።»

«ይቀበላሉ?»

«እቀበላለሁ።»

አቶ ኃይለ መስቀል ግን በመጀመሪያው ጥያቄ ነው መነሣት የጀመሩት። ከዘራው ቆሟል፣ ወገባቸው ተነሥቷል። መርዋ ሦስተኛውን ስትጠይቅ ሙሉ በሙሉ ቆመው ነበር፤ የሚለምኑት ደግሞ የለም። አዳራሹን አዩ፣ ጋሽ ጥላዬን አዩ። ይህን ያህል ደክመው ተነሥተዋልና መቀመጥ አልሆነላቸውም።

«ልጄ ጥላዬ» አሉ፣ «እኛን ለማን ጥለህ ትሄዳለህ?»

ጋሽ ጥላዬ እሺታቸውን ሊደግሙ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ዘጉት። አንገታቸው ቀስ ብሎ፣ ራሱን ችሎ፣ ወደ ታች ወረደ። መርዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀች፤ በዚህ ጊዜ አልቸኮለችም።

«እንግዲህ» አሉ ወለሉን እያዩ፣ «ለእናንተ ስል።»